18 ጊዜ ተሸንፋ ወንበሯን ያልለቀቀችው ሱዛን ሉቺ፦ የሚያስታውሳት አለ?

የቀን ፈረቃ

እንደምን ዋላችሁ የመድረኩ ሰዎች። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ታሪኩ የእነሱ ስለሆነ።

ከ2006 ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቤታቸው እየሄድኩ ስንከባከብ ነበር። እማማ ነበር የምላቸው፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ወደውት ቀረ። ገላቸውን አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳለሁ፣ ምሳ እሠራለሁ። ምሳው ግን በእኛ ሰዓት ሰባት ሳይሞላ ከፊታቸው መነሳት አለበት። ሰባት ሰዓት ላይ በኤቢሲ ጣቢያ «ኦል ማይ ችልድረን» ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ስልክ ቢጮህ አይነሳም፣ በር ቢንኳኳ አይከፈትም። መጀመሪያ አካባቢ ለወጉ ያህል አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ሰሃኑን እያጣደፍኩ የማጥበው እኔው ሆንኩ።

እንግሊዝኛዬን ያቃናችልኝ የድራማው ገጸ ባሕርይ ኤሪካ ኬን ናት ብል ውሸት የለውም። ስትቆጣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየቆረጠች ስለምትናገር ለጀማሪ ትመቻለች። ችግሩ፣ ባንክ ቤት ሄጄ ስለ ሂሳቤ ስጠይቅም በኤሪካ ቁጣ መጠየቄ ነበር።

ኤሪካን የተጫወተችው ሱዛን ሉቺ ናት። ዲሴምበር 23 ቀን 1946 ኒውዮርክ ግዛት ስካርስዴል ተወለደች፤ ያደገችው ሎንግ አይላንድ ነው። በ1968 ከሜሪማውንት ኮሌጅ ተመረቀች። ተማሪ ሳለች ክረምት ክረምት ጋርደን ሲቲ ሆቴል በአስተናጋጅነት ትሠራ ነበር፤ ሄልሙት ሁበር የተባለውን ኦስትሪያዊ የወጥ ቤት ኃላፊ የተዋወቀችውም እዚያው ነው። በ1969 ተጋቡ። ጃንዋሪ 5 ቀን 1970 ተከታታይ ድራማው ሲጀመር የ23 ዓመት ሙሽራ ሆና አንዲት ለያዥ ለገራዥ ያስቸገረች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን መጫወት ጀመረች። ሴፕቴምበር 23 ቀን 2011 የመጨረሻው ክፍል ሲተላለፍም ያው ኤሪካን እየተጫወተች ነበር። አርባ አንድ ዓመት!

ይህን ሁሉ የምጽፈው አንድ ቂም ይዤ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ላይ ስሟን ባነሳ አንድ ሰው «አርባ አንድ ዓመት አንድ ሰው ሆኖ መኖር ትወና ነው ወይስ ደመወዝ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። መልሱ የመጣልኝ መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። እናንተ ዘንድ ግን አልዘገየሁም ብዬ አመጣሁት።

ዝናቡ

እህቴ፣ ቅር አይበልሽና ሰውየው እውነቱን ነው። ባለቤቴ ስታይ እኔም ከጎን አይቼዋለሁ። ዛሬ የሞተ ሰው ከስድስት ወር በኋላ የራሱ መበለት ሠርግ ላይ ከች ይላል። የጠፋች መንትያ እህት ከየት እንደመጣች አይታወቅም። ሕፃኑ ሰኞ ይወለዳል፣ በዓመቱ ጺም ያወጣል። ሳሙና ለመሸጥ የተፈጠረ ነገር ስለመሆኑ ሶፕ (ሳሙና) ኦፔራ የሚለው ስሙ ራሱ ይመሰክራል። አንድ ተዋናይ የዛሬን ንጉሥ ነገ ለማኝ ሆኖ ካላሳየኝ ምኑን ተዋናይ ሆነ?

መጋረጃ

ዝናቡ፣ ሳሙናው እውነት ነው። በ1930ዎቹ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ቀን ቀን ለቤት እመቤቶች ተከታታይ ድራማ ሲያሰሙ ወጪውን የሚሸፍኑት እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ ሳሙና አምራቾች ነበሩ፤ ሶፕ ኦፔራ የሚለው ስም የመጣውም ከዚያ ነው። ዘውጉን ካቆሙት አንዷ የችካጎዋ ኢርና ፊሊፕስ ናት። «ኦል ማይ ችልድረን»ን የፈጠረችው አግነስ ኒክሰን ደግሞ በፊሊፕስ እጅ የሰለጠነች ጸሐፊ ናት።

ኒክሰንን በአንድ ነገር አስታውሳታለሁ። በ1962 ለሌላ ተከታታይ ድራማ ስትጽፍ የማህፀን ካንሰር ምርመራን ታሪኩ ውስጥ ማስገባት ፈለገች። ጣቢያውና ሳሙና ሻጩ የሰጧት መልስ «ጻፊ፤ ግን ካንሰር የሚለውንም ማህፀን የሚለውንም ቃል አትጥሪ» የሚል ነበር። እሷም ሁለቱንም ሳትጠራ ጻፈችው። እኛ ቤት ሰምና ወርቅ የምንለውን ሴትዮዋ ለሐኪም ቤት ምክር ተጠቀመችበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ትወናው ልምጣ። ቴአትር ተምሬያለሁ፤ አዲስ አበባም ሁለት ሦስት የቴሌቪዥን ድራማዎች ላይ ተሳትፌያለሁ። በእኛ አሠራር በሳምንት አንድ ክፍል ይተላለፋል፤ ለዚያውም በተዋስነው ሳሎን ውስጥ መብራት ሄዶ፣ የጎረቤት ውሻ ጮሆ፣ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ተራ በተራ ገብቶ፣ አንድ ትዕይንት አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል። እነሱ በሳምንት አምስት ክፍል ያወጣሉ። ድራማው በግማሽ ሰዓት ጀምሮ በ1977 የአንድ ሰዓት ሆኗል። ስለዚህ ተዋናይዋ ዛሬ ማታ በአሥር የሚቆጠር ገጽ ትሸመድዳለች፣ ነገ ጠዋት በሦስት ካሜራ ፊት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ትጫወተዋለች፣ ማታ እሱን ረስታ የሌላውን ቀን ትሸመድዳለች። የፊልም ተዋናይ አንዷን ዕንባ ለማውጣት ግማሽ ቀን ይሰጠዋል። የቀን ድራማ ተዋናይት ዕንባዋን ከምሳ በፊት አውጥታ፣ ከምሳ በኋላ ለሌላ ትዕይንት ትኳላለች።

ንጉሥ ሆኖ ነገ ለማኝ መሆን ከባድ ነው፤ አልክድም። አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት ሆኖ ተመልካች እንዳይሰለች ማድረግ ግን ከዚያ ይቀላል የሚል ካለ፣ በየቀኑ እንጀራ የሚጋግር ሰው ይጠይቅ። እንጀራ ሁልጊዜ እንጀራ ነው፤ አንድ ቀን ዓይኑ ከጠፋ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ያያል።

ሸዋ ዳቦ

ጥያቄ አለኝ። ስንት ጊዜ ነው ያገባችው?

የቀን ፈረቃ

ማንን ነው የምትጠይቅ? ሱዛን አንድ ጊዜ። ሄልሙት ሥራ አስኪያጇም ሆኖ ከ52 ዓመት በላይ አብረው ኖረው በማርች 2022 አረፈ። ኤሪካን ከሆነ ግን ጣትህ አይበቃህም። አዳም ቻንድለርን ሁለት ጊዜ፣ ትራቪስ ሞንትጎመሪን ሁለት ጊዜ፣ ዲሚትሪ ማሪክን ሁለት ጊዜ፤ በመሐል ሌሎችም አሉ። በኋላ ደግሞ የትራቪስን ወንድም ጃክሰንን አገባች። እማማ የባሎቿን ዝርዝር እንደ ዳዊት ነበር የሚደግሙት፤ መድኃኒታቸውን መዋጥ አለመዋጣቸውን ረስተው ማይክ ሮይን ግን አይረሱም።

ሸዋ ዳቦ

የባልን ወንድም? እኛ አገር በሽማግሌም አይፈታ!

ቁም ነገር

ሳቁን ትተን ዋናውን እናንሳ። ሉቺ ስሟ የተተከለው በ1973 ነው። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፅንስ ማቋረጥን ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ኤሪካ፣ በባሏ ሳይሆን በራሷ ውሳኔ፣ ሞዴል መሆን ስለምትፈልግ ፅንሷን አቋረጠች። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሕጉ ከተፈቀደ በኋላ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። ምክንያቷ ሕመም ወይም ድህነት ቢሆን ኖሮ ተመልካች ያዝንላት ነበር። ጸሐፊዋ ያንን መሸሻ አልሰጠቻትም። ተዋናይቷም ገና የ26 ዓመት ወጣት ሆና ያንን ጥላቻ ተሸክማ በየቀኑ ስክሪን ላይ መቅረብ ነበረባት።

የሚያናድደኝ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ያደረጉት ነው። በ2006 አካባቢ «ያ ፅንስ አልሞተም፤ ሐኪሙ ሰርቆ በሚስቱ ማህፀን ውስጥ አስቀምጦታል» ብለው ጆሽ የሚባል ጎልማሳ ልጅ አመጡ። ሳይንሱም የለም፣ ኀፍረቱም የለም። ዝናቡ ስለ ሞቶ መነሳት ያልከው እዚህ ላይ ልክ ነው። የሚገርመው ሉቺ ያንንም ትዕይንት እንደ እውነት ተጫውታዋለች። ደመወዝ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ የማታምንበትን ማሳመን።

አወያይ

ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሕግ ክርክር የምትፈልጉ ሌላ ክር ክፈቱ። እዚህ ስለ ድራማው ብቻ።

አሥመራ መንገድ

ኤሚ በሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት 20 ጊዜ ተሸንፋለች የሚባለውስ? ርዕሱ ላይ 18 ይላል።

የቀን ፈረቃ

በጠቅላላው 21 ጊዜ ታጭታ አንድ ጊዜ አሸንፋለች፤ 20 የሚሉት ከዚያ ቀንሰው ነው። ግን ያሸነፈችው በ19ኛው ነው። የመጀመሪያ እጩነቷ በ1978፣ ድሏ በ1999። በመሐል 18 ጊዜ ስሟ ተጠርቶ፣ ካሜራ ፊቷ ላይ ተተክሎ፣ የሌላ ሴት ስም ሰምታ ፈገግ ብላ አጨብጭባለች። ከድሉ በኋላ ሁለት ጊዜ ታጭታ አላገኘችም፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አልቆጠረባት።

አሥመራ መንገድ

እሺ፣ ገባኝ። ግን እኮ ሌሎቹ ይበልጧት ይሆናል ማለትም ይቻላል። ኤሪካ ስሌዛክ በዚያው ጣቢያ ከሌላ ድራማ ስድስት ጊዜ ወስዳለች። ሰው ስለ ሉቺ መሸነፍ ሲያወራ የአሸናፊዎቹን ስም አያነሳም፤ ይህም ግፍ ነው።

መጋረጃ

ግፍ ነው፤ እስማማለሁ። ስሌዛክ ብርቱ ተዋናይት ናት። ነገር ግን የአዳም ቻንድለርን ጉዳይ ተመልከት። አዳምን የተጫወተው ዴቪድ ካናሪ በዋና ተዋናይነት አምስት ጊዜ ተሸልሟል። መንትያ ወንድሙን ስቱዋርትንም ራሱ ይጫወታል፤ አንዱ ጨካኝ፣ ሌላው የዋህ። ዳኞች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ፤ ችሎታው በዓይን ይታያል። ዳኞቹ ደግሞ የሚያዩት የዓመቱን ሥራ ሳይሆን ተመርጦ የተላከላቸውን ጥቂት ቀረጻ ነው። የኤሪካ ጥበብ በአንድ ክፍል አይታይም። አንዲት ሴት ራሷን ስታታልል፣ ሌላውን ስታታልል፣ ከእናቷ ፊት ስትደርስ ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ ስትሆን ለማየት ወራት ያስፈልጋሉ። የእናቷን የሞናን ሚና የተጫወተችው ፍራንሲስ ሄፍሊን በ1994 እስክትሞት ድረስ ሁለቱ አብረው የሠሩትን ያየ ይመስክር።

እሷም በሽንፈቱ መቀለድ ታውቅበት ነበር። በ1990 «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለውን የቀልድ ዝግጅት እንድትመራ ሲጋብዟት፣ መክፈቻው ላይ እሷ ስትናገር የመድረክ ሠራተኛው ሳይቀር ኤሚውን ይዞ በፊቷ ያልፋል። የስኳር ምትክ ማስታወቂያ ላይም ሽልማት ባለማግኘቷ ዕቃ ስትወረውር ታይታለች። ከተሸናፊነቷ ገንዘብ ሠራችበት ማለት ነው። ጉራጌ ብትሆን አያስገርመኝም ነበር።

መርካቶ

ጉራጌ ነኝ፣ አመሰግናለሁ። ክፍያዋስ ስንት ነበር?

መጋረጃ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። በቀን ድራማ ከሁሉም በላይ።

መርካቶ

እንግዲያው ሽልማቱ ይቅርባት።

የቀን ፈረቃ

ስለ 1999 ሌሊት ልንገራችሁ። እኔ ያኔ ገና አዲስ አበባ ነበርኩ። ግን እማማ በቪዲዮ ካሴት ቀድተው ይዘውት ስለነበር፣ እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት በየዓመቱ ሜይ ወር ላይ እናየው ነበር፤ እንደ ዓመት በዓል። ካሴቱ ጫፍ ጫፉ ላይ ነጭ ነጭ መስመር ያወጣል፤ እሳቸው ግን የት ላይ እንደሚቆም ያውቁታል።

ሜይ 21 ነው፤ ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ቴአትር። ፖስታውን የከፈተው ተዋናይ ሺማር ሙር ነው። ስሟን ወዲያው አልጠራም። መጀመሪያ የሽንፈቱ ተራ ማብቃቱን አወጀ፤ ከዚያ «ሱዛን ሉቺ!» አለ። አዳራሹ ተነሳ። ሄልሙት አቅፏት ይታያል። አዳራሹ ለረጅም ደቂቃ አልቀመጥ አለ። ልጇን የተጫወቱት፣ ያሳደጉት፣ ጠላቷ ሆነው የኖሩት ተዋንያን ሁሉ ያለቅሳሉ። ኬሊ ሪፓ፣ አሁን የጠዋት ዝግጅት አቅራቢ የሆነችው፣ ያን ጊዜ የዚያው ድራማ ተዋናይት ነበረች፤ እሷም ፊቷ በዕንባ ታጥቧል። ሱዛን ንግግሯን ስትጨርስ ሰኞ ወደ ስቱዲዮው ተመልሳ ኤሪካ ኬንን በሙሉ አቅሟ እንደምትጫወት ተናገረች።

እማማ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ቴፑን ያቆሙና «ሰማሽ? ሰኞ ሥራ ትገባለች» ይሉኛል። እኔም ሰኞ ሥራ እገባለሁ፤ እሳቸው ቤት።

ዝናቡ

ይህችኛዋ ነክታኛለች፤ አልዋሽም። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። ይህን ያህል ችሎታ ካላት ለምን ወደ ፊልም አልሄደችም? ሳራ ሚሼል ጌለር ያው ድራማ ላይ የኤሪካን ልጅ ኬንዳልን ተጫውታ፣ በ1995 የወጣት ተዋናይት ኤሚ ወስዳ ወጣች፤ በኋላ ዓለም አወቃት። ልጅ እናቷን ቀደመች ማለት ነው። ኬሊ ሪፓም ወጣች። ሱዛን ብቻ ቀረች። ፍርሃት እንዳይሆን?

ቁም ነገር

ቀርታ ምን አጣች? ጠዋት ሥራ ገብታ ማታ ልጆቿ ጋ ትመለስ ነበር። ሎንግ አይላንድ ትኖር ነበር፣ ስቱዲዮውም ያኔ ማንሃተን ነበር። የፊልም ተዋናይት ስድስት ወር በረሃ ውስጥ ስትቀረጽ ልጆቿን ሞግዚት ያሳድጋቸዋል። ወንዶች ይህን ሒሳብ ስለማትሠሩት ፍርሃት ትሉታላችሁ።

ደግሞም ስትፈልግ ወጥታለች። በ1999 መጨረሻ በርናዴት ፒተርስ ዕረፍት ስትወጣ በብሮድዌይ መድረክ «አኒ ጌት ዩር ገን» ላይ ተተክታ ዘፍናለች፤ ኤሪካንም አልተወችም። በ2008 በቴሌቪዥን የዳንስ ውድድር ገብታለች። ከ2013 እስከ 2016 «ዲቪየስ ሜይድስ» ላይ ሌላ ሴት ሆና ተጫውታለች። ንጉሥና ለማኝ ካልክ፣ ይኸው።

የጅዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካኖቹን አላውቃቸውም። እኔ ስምንት ዓመት ሳዑዲ ቤት ሠርቻለሁ። በ2008 ኤምቢሲ ላይ የቱርኩ «ኑር» በሶርያ አረብኛ ተተርጉሞ ሲተላለፍ ማዳም፣ ልጆቿና እኔ አንድ ምንጣፍ ላይ ነበርን። ቀን ሙሉ ተቀመጪ የማትለኝ ሴት ኑር ሲጀምር ነይ ትለኛለች፤ ብቻዋን ማልቀስ ስለማትወድ። አረብኛዬ እስከ ዛሬ የሶርያ ነው፤ ሳዑዲዎቹ ይስቁብኛል። እህቴ የቀን ፈረቃ ስለ ባንኩ ስትጽፊ እኔም ባቄላ ስገዛ በኑር አነጋገር መከራከሬ ትዝ አለኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ ቃና ቴሌቪዥን ተከፍቶ ቱርኮቹ ሁሉ አማርኛ ሲናገሩ አገኘኋቸው። ደከምኩበት የተባለው ቋንቋ ሁሉ ከንቱ ሆነ።

መጋረጃ

የጅዳዋ፣ ይህ የክሩ ምርጥ መልስ ነው።

ሲስተር ከዳላስ

የሙያ ግዴታዬ ስለሆነ አንድ ነገር ላስገባ። ሱዛን ሉቺ ከድራማው በላይ የረዳችኝ በ2018 በደረሰባት ነገር ነው፤ ለታካሚዎቼ ሁሌ እነግራቸዋለሁ።

የዚያን ዓመት ኦክቶበር አንድ ልብስ መደብር ውስጥ ሳለች ደረቷ ላይ ዝሆን የተቀመጠባት ያህል ጫና ተሰማት። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ቀለል ያለ ጫና ተሰምቷት «ድካም ነው» ብላ አልፋዋለች። በሦስተኛው የመደብሩ ኃላፊ በራሷ መኪና ሐኪም ቤት አደረሰቻት። ዋናው የልብ ደም ሥሯ 90 በመቶ፣ አንዱ ቅርንጫፍ 70 በመቶ ተዘግቶ ተገኘ። ሁለት ስቴንት፣ ማለትም የጠበበ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ ገባላት። ቀጭን ናት፣ በየቀኑ ስፖርት ትሠራለች፣ ስትታይ የልብ ሕመምተኛ አትመስልም። አባቷ ግን በጎልማሳነቱ የልብ ሕመም ነበረበት። በ2022 መጀመሪያ እንደገና ስቴንት አስፈልጓታል። ከመጀመሪያው በኋላ ከአሜሪካ የልብ ማኅበር ጋር ሆና ታሪኳን በአደባባይ ትናገራለች።

እህቶቼ፣ በሴት ላይ የልብ ሕመም ሁልጊዜ እንደ ወንዱ ደረት ይዞ አያንበረክክም። መንጋጋ፣ ጀርባ፣ ማቅለሽለሽ፣ ያለ ምክንያት መተንፈስ ማቃት ሊሆን ይችላል። እኛ ደግሞ «ብርድ ነው» ብለን ዳማከሴ እንጠጣለን። ጠጡ፤ ግን አምቡላንስ ከጠራችሁ በኋላ።

የቀን ፈረቃ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እማማ ይህን ሳይሰሙ ነው ያረፉት። ቢሰሙ ኖሮ ደንግጠው የራሳቸውን ልብ ይረሱ ነበር።

አሥመራ መንገድ

ድራማው ለምን ተቋረጠ ግን? 41 ዓመት የቆየ ነገር።

መጋረጃ

ገንዘብ። ቀን ቀን ቤት የምትውል ተመልካች ቀነሰች፤ ማስታወቂያውም አብሯት ሄደ። በ2009 መጨረሻ ወጪ ለመቀነስ ቀረጻውን ከኒውዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ አዛወሩት። በኤፕሪል 2011 ጣቢያው ሁለት ተከታታይ ድራማዎችን አንድ ላይ መሰረዙን አሳወቀ፤ ሁለቱም የአግነስ ኒክሰን ፈጠራ ናቸው። በቦታው የገባው የምግብ አሠራር ዝግጅት ነበር። ከ10,000 በላይ ክፍሎች በሽንኩርት አከታተፍ ተተኩ።

ዘውጉ ግን አልሞተም። በፌብሩዋሪ 2025 «ቢዮንድ ዘ ጌትስ» የሚባል አዲስ የቀን ድራማ ሲቢኤስ ላይ ጀምሯል። የጥቁር ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ቦታውም ሜሪላንድ፣ የዋሽንግተን ዳርቻ ተብሎ ነው የተጻፈው። የቀን ፈረቃ፣ ጎረቤቶችሽ ናቸው። ቀረጻው ግን አትላንታ ነው።

የቀን ፈረቃ

ጎረቤቶቼ እንደዚያ ያለ ግቢ ውስጥ አይኖሩም። ባየው ግን ደስ ይለኛል፤ አሁን የምንከባከባቸው አባባ ጎልፍ ብቻ ነው የሚያዩት።

የመጨረሻዋን ቀን ልጻፍና ልሂድ፤ ፈረቃዬ ደረሰ። ዓርብ ቀን ነበር። እማማ ጠዋት ተነስተው ፀጉራቸውን እንድሠራቸው አዘዙኝ፤ የሚመጣ እንግዳ አልነበረም። ፋንዲሻ አፈላሁ፣ ቡና አቀረብኩ፤ ያን ቀን ቡና ይጠጡ ነበር። ቻንድለሮች ቤት ትልቅ ግብዣ ነው፤ ሁሉም ተሰብስቧል። ጃክሰን፣ ያ ስንት ዓመት የታገሠ ሰው፣ በመጨረሻ ኤሪካን «የምትፈልጊው ነገር አያሳስበኝም» ብሎ ጥሏት ሊወጣ ነው። እሷ ተመለስ እያለች ትጮኻለች። አዳራሹ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ የአዳም ልጅ ጄአር ሰክሮ ሽጉጥ ደግኗል። ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ። የተኩስ ድምፅ። አለቀ።

አርባ አንድ ዓመት እንዲህ አለቀ! ማን እንደተመታ እንኳ ሳይነግሩን። እማማ የሪሞቱን ቁልፍ እየተጫኑ «የቀረው የት አለ?» ይሉ ነበር። እኔ «ኤሪካ ናት የተመታችው» አልኩ። እሳቸው ደግሞ «ኤሪካን ጥይት አያገኛትም» ብለው ተነሱብኝ። በአንድ ዶላር ተወራረድን፤ ዶላሩን ከኤሪካ ፎቶ ፍሬም ኋላ ሰካነው። በዓመቱ እማማ አረፉ። ልጃቸው ዕቃውን ስታወጣ ፎቶውን ሰጠችኝ፤ ዶላሩ አሁንም ከኋላው አለ። ማን እንደተመታ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ቁም ነገር

እንዴ! አልሰማሽም? በ2013 ድራማው በኢንተርኔት ለአጭር ጊዜ ተመልሶ ነበር እኮ። ሱዛን ሉቺ አልገባችበትም። ጄአር ከአምስት ዓመት ራሱን የሳተ እንቅልፍ ሲነቃ ነው የሚጀምረው። ጥይቷ ያገኘችው የጄአርን የቀድሞ ሚስት ማሪሳን ነው፤ ሞታለች።

የቀን ፈረቃ

ማሪሳ?

ቁም ነገር

ማሪሳ። ኤሪካ አልተነካችም።

የቀን ፈረቃ

እንግዲያው አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ የእማማን ዶላር ይዤ ነው የተቀመጥኩት።